ዕጣ ፈንታ በማኅተም ሲመጣ፦ የዘር ማንነትና የሕሊና ግጭት በአቶል ፉጋርድ ተውኔቶች

የቴአትር ቤተሰቦች፣ እንደምን አመሻችሁ።

በጥንቱ የግሪክ ትራጄዲ ዕጣ ፈንታ ከአማልክት ዘንድ ይወርዳል። ኤዲፐስ ገና ሳይወለድ የሚደርስበት ተነግሮ አልቋል፤ የሚከሰስ ባለሥልጣን፣ ይግባኝ የሚባልበት ችሎት የለም። በሃያኛው ክፍለ ዘመን ደቡብ አፍሪካ ግን ዕጣ ፈንታ የሚወርደው ከቢሮ ነበር፤ ጸሐፊ፣ ማኅተምና የመዝገብ ቁጥር ነበረው። ይህ ልዩነት ጸሐፌ ተውኔቱን ከባድ ችግር ውስጥ ይከተዋል። ሰው የሠራው ዕጣ ወንጀል ነው፤ ወንጀል በዳይና ተበዳይ አለው። ተበዳዩ ምንም ሳይመርጥ፣ ምንም ሳያደርግ የሚደቆስ ከሆነ መድረክ ላይ ያየነው በደል ነው፤ ትራጄዲ ግን አይደለም። እናዝናለን፣ እንቆጣለን፣ ኮታችንን ለብሰን እንሄዳለን። ትራጄዲ እንዲሆን ያ ሰው በገዛ እጁ አንድ ነገር መምረጥ አለበት። ሕጉ ምርጫውን ሁሉ ከቀማው ሰው ላይ ታዲያ ምርጫ ከየት ይገኛል? ዛሬ የምናገረው ስለዚህ የሙያ ጥያቄ ነው። ማስረጃዬም የደቡብ አፍሪካዊው ጸሐፌ ተውኔት የአቶል ፉጋርድ ሦስት ተውኔቶች ናቸው። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉልኝ።

አስቀድሜ ሕጉን ላስረዳ፤ ሕጉን የማያውቅ አዘጋጅ እነዚህን ተውኔቶች ማዘጋጀት አይችልምና። አፓርታይድን፣ ማለትም የዘር መለያየትን፣ የመንግሥት ሥርዓት ያደረገው ናሽናል ፓርቲ ሥልጣን የያዘው በ1948 ነው። በ1949 በነጭና በሌላው መካከል ጋብቻ ተከለከለ። በ1950 የሕዝብ ምዝገባ ሕግ ወጣና እያንዳንዱ ሰው ነጭ፣ ከለርድ (ቅይጥ) ወይም ኔቲቭ (ጥቁር አፍሪካዊ) ተብሎ ተመዘገበ። መመዘኛው የሚገርም ነበር፤ አንድም መልኩ ምን ይመስላል፣ አንድም በአካባቢው ሰዎች ዘንድ እንደ ማን ይታያል የሚል ነው። የሚያጠራጥር ሲገጥም መርማሪው እርሳስ ጸጉሩ ውስጥ ሰክቶ ይወድቃል ወይስ ይቀራል ብሎ እስከ መፈተን ይደርስ ነበር። የአንድ እናት ልጆች በተለያየ መደብ የተመዘገቡበት ጊዜም ነበር። የቴአትር ሰው እዚህ ላይ ጆሮውን ማቅናት አለበት። አንድ መንግሥት ማንነት ማለት መልክህና ሰው አንተን የሚቀበልበት ሁኔታ ነው ብሎ ከደነገገ፣ ማንነትን የትወና ጉዳይ አድርጎታል ማለት ነው። አለባበስ፣ አረማመድና አነጋገር ሰውን ከአንዱ መዝገብ ወደ ሌላው ሊያሻግሩ ይችላሉ። ፉጋርድ የያዘው ይህንን ክር ነው።

ፉጋርድን ከማንሳቴ በፊት ግን ችግሩን ሳይፈታው የቀረ አንድ ትልቅ ጸሐፊ ልጥቀስ። አሜሪካዊው ዩጂን ኦኒል በ1924 ኒውዮርክ ውስጥ ስለ ጥቁሩ ጂም ሃሪስና ስለ ነጯ ኤላ ዳውኒ ጋብቻ የጻፈው ተውኔት መድረክ ሲወጣ ከተማው ታምሶ ነበር። ጂምን የተጫወተው ፖል ሮብሰን ነው። የከንቲባው ጽሕፈት ቤት ሕፃናቱ በመጀመሪያው ትዕይንት እንዳይተውኑ ፈቃድ ስለ ከለከለ አዘጋጁ ትዕይንቱን ለተመልካቹ አነበበው። ድፍረቱ አያከራክርም። ጂም ግን የሕግ ባለሙያነት ፈተና ሊያልፍ ይጥራል፣ ይወድቃል፤ ሚስቱ በአእምሮ ሕመም እየተናጠች ታሰቃየዋለች፣ እሱ ይታገሣል። በማንም ላይ የሚያደርሰው ነገር የለም፤ ሁሉም ነገር በእሱ ላይ ይደርሳል። ጸሐፊው ለባልና ሚስቱ የገዛ ወላጆቹን ስም፣ ጄምስንና ኤላን፣ መስጠቱን ስናውቅ ደግሞ ልቡ ከዘር ጥያቄው ይልቅ በቤቱ ቁስል ላይ እንደ ነበር እንጠረጥራለን። በእኔ ግምት ጂም ሙሉ የትራጄዲ ሰው ያልሆነው ንጹሕ ስለሆነ ነው።

አሁን ወደ ደቡብ አፍሪካዋ ከተማ ወደ ፖርት ኤልሳቤጥ እንሂድ፤ ዛሬ ስሟ ግቀቤርሃ ነው። «የደም ቋጠሮ» የሚለው ተውኔት ጆሃንስበርግ፣ ዶርኬይ ሀውስ ውስጥ በመስከረም 1961 ታየ። ተዋንያኑ ሁለት ብቻ ናቸው፤ ራሱ ፉጋርድ እንደ ሞሪስ፣ ዛክስ ሞካይ እንደ ዛካርያስ። ሞሪስና ዛካርያስ የአንድ እናት ልጆች ናቸው፤ አባታቸው ግን ይለያያል። ሞሪስ ነጭ ሊመስል የሚችል ቀይ ነው፤ ዛካርያስ ጥቁር። የሚኖሩት በፖርት ኤልሳቤጥ፣ ኮርስተን በሚባል ሰፈር ባለ አንድ ክፍል የቆርቆሮ ቤት ውስጥ ነው። ዛካርያስ ቀኑን ሙሉ በሥራ ቦታው በር ላይ ቆሞ ጥቁር ልጆችን ሲያባርር ይውላል፤ ሞሪስ የእግር መታጠቢያ ውኃ አሙቆ ይጠብቀዋል። የቤቱ ሥርዓት የሚመራው በአንድ የደወል ሰዓት ነው። ለወደፊት እርሻ መግዣ የሚሆን ገንዘብ ያጠራቅማሉ።

ማንበብ የማይችለው ዛካርያስ ሴት ስለናፈቀው ሞሪስ በጋዜጣ ማስታወቂያ የብዕር ጓደኛ ይፈልግለታል። ኤተል የምትባል ልጅ ትገኛለች። ፎቶዋ ሲመጣ ነጭ ናት፤ ወንድሟ ደግሞ ፖሊስ ነው። ልትጎበኛቸው እንደምትመጣ ትጽፋለች። ያጠራቀሙት ገንዘብ ወጥቶ የጨዋ ሰው ሙሉ ልብስ፣ ባርኔጣና ጃንጥላ ይገዛበታል፤ ሞሪስ ለብሶ እንደ ነጭ እንዲቀበላት ነው ሐሳቡ። ኋላ ላይ ኤተል ልታገባ መሆኑን ጽፋ ትቀራለች። አደጋው አለፈ፤ ልብሱ ግን ቤት ውስጥ ቀረ።

የሥራው ብልኃት እዚህ ነው። ደካማ ጸሐፊ ቢሆን ፖሊሱን ወንድም በር ላይ ያመጣው ነበር። ፉጋርድ የውጭውን አደጋ አስወግዶ ሁለቱን ወንድማማቾች ከልብሱ ጋር ብቻቸውን ዘጋባቸው። ለጨዋታ ያህል ሞሪስ ነጩን፣ ዛካርያስ ጥቁር ሠራተኛውን ሆነው ይጫወታሉ፤ ጨዋታው እየጠነከረ ይሄዳል፤ ስድቡ እውነተኛ ስድብ፣ ጃንጥላውም መምቻ ይሆናል። ዛካርያስ ሊገድለው በተጠጋበት ቅጽበት የደወል ሰዓቱ ይጮኻል። ማንም አላዘዛቸውም፤ ፖሊስም አላየም። ሞሪስ ያንን ልብስ ለብሶ ያንን ቃል ሲናገር ደስ ብሎታል፤ ጥፋቱ ይህ ደስታ ነው። ከዚህ ቀደምም አንድ ጊዜ ወንድሙን ትቶ ነጭ ለመምሰል ሞክሮ ስለነበር ጸጸቱ ቤቱን ገና ተውኔቱ ሳይጀመር ሞልቶታል።

በዝግጅት ላይ ከሁሉ የበዛው ስሕተት የመጨረሻውን ጨዋታ ከመጀመሪያው በከፍተኛ ድምፅ መጀመር ነው። ሁለቱ ሰዎች በትንሽ ሳቅ መጀመር አለባቸው፤ ተመልካቹም መሳቅ አለበት። ከዚያ እያንዳንዱ ዙር ካለፈው በአንድ እርምጃ ብቻ ይጠንክር፤ መጀመሪያ ድምፅ፣ ቀጥሎ ርቀት፣ ከዚያ ትእዛዝ፣ በመጨረሻ ዱላ። ተመልካቹ የሳቀበትን ነገር ወደ ኋላ ዞሮ እንዲያፍርበት ካልሆነ ትዕይንቱ የሁለት ሰዎች ጠብ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ሁለተኛው ስሕተት ርዝመት ነው፤ የመጀመሪያው ዝግጅት አራት ሰዓት ገደማ ይፈጅ ነበር፣ ፉጋርድም ኋላ ብዙ ቆርጦለታል። ይሁንና የእግር መታጠቢያው ተደጋጋሚ ትዕይንት መቆረጥ የለበትም። አገልጋዩ ቀዩ ወንድም መሆኑን ተመልካቹ ደጋግሞ ካላየ በመጨረሻ የሚሆነው መገለባበጥ ክብደት አይኖረውም።

የተውኔቱ ጉዳይ በመድረክ ላይ አላበቃም። በ1965 ነጭና ጥቁር በአንድ መድረክ እንዳይተውኑ፣ በአንድ አዳራሽም እንዳይቀመጡ ተከለከለ። የእንግሊዙ ቢቢሲ በ1967 ተውኔቱን በቴሌቪዥን ካሳየ በኋላ የፉጋርድ ፓስፖርት ተነጠቀ፤ የተመለሰለት በ1971 ነው።

ሁለተኛው ተውኔት «ሲዝዌ ባንዚ ሞቷል» ይባላል፤ በጥቅምት 1972 ኬፕታውን፣ ስፔስ ቴአትር ታየ። ደራሲዎቹ ሦስት ናቸው፤ ፉጋርድ፣ እንዲሁም ሁለቱ ጥቁር ተዋንያን ጆን ካኒ እና ዊንስተን ንትሾና። መነሻቸው የአንድ ሰው ፎቶግራፍ ነበር፤ ፎቶ ቤት ገብቶ ፈገግ ብሎ የተነሣ ሰው። ይህ ሰው ለምን ፈገግ አለ ብለው ጠየቁ፤ ካኒና ንትሾና ከኖሩት ሕይወት እያመጡ በልምምድ ሠሩት። ጥቁር ተዋናይ የሚባል የሥራ ዓይነት በሕጉ ስላልነበረ ሁለቱ በወረቀት ላይ የፉጋርድ የቤት ሠራተኞች ሆነው ተመዝግበው ነበር። እንግዲህ ስለ ውሸት ወረቀት የሚተርከውን ተውኔት የተጫወቱት ሰዎች ራሳቸው በውሸት ወረቀት ነበር የሚኖሩት።

ወረቀቱ ምንድን ነው? በ1952 አንድ ሕግ ወጣ፤ ርዕሱ የይለፍ ወረቀትን መሻርን ይናገራል። የሻረው ግን ብዙውን ወረቀት ነው፤ በምትኩ ሁሉንም በአንድ ደብተር ጠረዘው። ሕዝቡ ዶምፓስ ይለው ነበር። ዕድሜው 16 ዓመት የሞላው ጥቁር ሁሉ መያዝ ነበረበት፤ ፎቶ፣ መለያ ቁጥር፣ የአሠሪ ፊርማና የሥራ ፈላጊ ፈቃድ ይገኙበታል። ፈቃድ የሌለው ሰው በከተማ ከ72 ሰዓት በላይ መቆየት አይችልም። ሲዝዌ ሚስቱን ኖዌቱንና አራት ልጆቹን ኪንግ ዊልያምስ ታውን ትቶ ሥራ ፍለጋ ፖርት ኤልሳቤጥ መጥቷል፤ ደብተሩ ላይ ውጣ የሚል ማኅተም ተመትቶበታል፤ የቀረው ሦስት ቀን ነው። ቡንቱ ከሚባል ሰው ጋር ሲጠጡ አምሽተው ሲመለሱ መንገድ ላይ ሬሳ ያገኛሉ። ሟቹ ሮበርት ዝዌሊንዚማ ይባላል፤ ደብተሩ የሥራ ፈላጊ ፈቃድ አለው። ፎቶዎቹ ይለዋወጣሉ። ሲዝዌ ሞተ፤ ሮበርት ኖረ።

ለእኛ ተመልካች ይህ ቦታ ልዩ ክብደት አለው። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል እያልን ላደግን ሰዎች ስምን ለሬሳ አስረክቦ መሄድ የወረቀት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሲዝዌም የሚታገለው በዚሁ ነው። ልጆቼ የማን ልጆች ናቸው? ሚስቴ ባሏ ከሞተ ሮበርትን እንደ አዲስ ልታገባ ነው? ቡንቱ የሚመልስለት የሆድን ጥያቄ አንሥቶ ነው፤ በነጩ ዘንድ ስምህ ድሮም ስም አልነበረም ይለዋል በአጭሩ። ሁለቱም ልክ ናቸው። ጀርመናዊው ፈላስፋ ሄግል ትራጄዲን የሁለት እውነቶች ግጭት አድርጎ ያየው ነበር፤ እዚህ ግጭቱ ያለው ስም ክብር ነው በሚለውና እንጀራ ግዴታ ነው በሚለው መካከል ነው፤ ሁለቱም ደግሞ የአንድ አባት ግዴታዎች ናቸው። ሌላም ጥፋት አለ፣ ብዙ ጊዜ ሳይስተዋል የሚታለፍ፤ ሬሳው መንገድ ላይ ቀርቷል። ሲዝዌ ለፖሊስ እንንገር፣ ለቤተሰቡ እናድርስ ይላል፤ ቡንቱ እምቢ ይላል። ሮበርትን የሚቀብረው ዘመድ የለም፤ በወረቀት የሞተው ሲዝዌ ነውና።

የዚህ ተውኔት አዘጋጅ የሚሳሳተው መጀመሪያው ላይ ነው። ተውኔቱ የሚከፈተው ስታይልስ በሚባል ፎቶ አንሺ ረጅም መነባንብ ነው፤ ጋዜጣ እያነበበ ይቀልዳል፣ በፎርድ ፋብሪካ ሲሠራ ትልቁ ባለቤት ሊጎበኝ ሲመጣ የተደረገውን የጽዳት ሩጫ ያስመስላል፣ ፎቶ ቤቱን ሲከፍት ከበረሮ ጋር ያደረገውን ጦርነት ይተርካል። ረዘመ ብለው የሚቆርጡት አሉ። ሲቆረጥ ግን ሲዝዌ የሚታዘንለት ባለጉዳይ ሆኖ ይገባል፣ ቢሮ እንደሚሄድ አመልካች። ስታይልስ ያስተማረን ነገር አለ፤ ፎቶ ሲነሣ ሰው የሚሆነውን ሳይሆን ሊሆን የሚመኘውን ይሆናል። ይህ ከሌለ የፎቶው መለዋወጥ ማጭበርበር ብቻ ነው የሚመስለው። ሁለተኛው አስፈላጊ ነገር ልምምዱ ነው፤ ቡንቱ ፖሊስ እየሆነ፣ አሠሪ እየሆነ ሲዝዌን አዲሱን ቁጥር ያስጠናዋል። ተዋናዩ ቁጥሩን ሲሳሳት እውነተኛ ስሕተት ይሁን፤ ተመልካቹ ቁጥሩን ከሲዝዌ ጋር ማጥናት ሲጀምር ወንጀሉ ውስጥ ገብቷል።

ካኒና ንትሾና በዚህ ተውኔትና የሮበን ደሴትን እስረኞች በሚያሳየው «ደሴቱ» በ1975 የአሜሪካውን የቶኒ የቴአትር ሽልማት በጋራ ወሰዱ። በሚቀጥለው ዓመት ለጥቁሮች በተከለለው ግዛት በትራንስካይ ውስጥ ሲዝዌን ተጫውተው ታሰሩ። ስለ «ደሴቱ» ብዙ አልልም፤ ሁለት እስረኞች የጥንቱን የግሪክ ተውኔት አንቲጎኔን ለመጫወት ይለማመዳሉ። ማንዴላም እዚያው ደሴት ላይ በእስር ሳሉ በአንቲጎኔ ውስጥ ክሬዎንን፣ ያውም አምባገነኑን፣ ተጫውተዋል።

ሦስተኛው፣ በእኔ ፍርድ ከሁሉ የተሻለው፣ «ማስተር ሃሮልድና ልጆቹ» ነው። በ1982 መጀመሪያ አሜሪካ፣ ዬል ዩኒቨርሲቲ ላይ ከዚያም በኒውዮርክ የቴአትር መንደር በብሮድዌይ ታየ፤ ብሮድዌይ ላይ 344 ጊዜ ተጫወተ፤ አስተናጋጁን ሳምን የተጫወተው ዛክስ ሞካይ ቶኒ ተሸለመ። ቦታው ፖርት ኤልሳቤጥ፣ በሴንት ጆርጅ ፓርክ ያለ ሻይ ቤት ነው፤ ጊዜው 1950፣ ዝናብ ያለበት አንድ ከሰዓት በኋላ። ሃሊ፣ ማለትም ሃሮልድ፣ የ17 ዓመት ነጭ ተማሪ ነው፤ ሻይ ቤቱ የእናቱ ነው። ሳምና ዊሊ ጥቁር አስተናጋጆች ናቸው፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቁታል። የቤት ሥራ ይሠራል፣ ስለ ዳንስ ውድድር ይጨዋወታሉ፣ ስልክ ሁለት ጊዜ ይደወላል። ሌላ የሚሆን ነገር የለም ማለት ይቻላል።

ስልኮቹን በጥንቃቄ እንያቸው፤ የተውኔቱ ሞተር እነሱ ናቸው። ከመጀመሪያው ስልክ፣ ከእናቱ አፍ፣ አካል ጉዳተኛና ሰካራም አባቱ ከሆስፒታል ሊወጣ መሆኑን ይሰማል፤ ከሁለተኛው ደግሞ ቤት መግባቱን። ሃሊ በአባቱ ያፍራል፤ ይወደዋልም። ኀፍረቱን የሚያራግፍበት ሰው ይፈልጋል። ሳም በአባትህ እንዲህ አትናገር ብሎ ሲገሥጸው ሕጉ ያዘጋጀለት መሣሪያ እጁ ላይ ነው፤ ከአሁን በኋላ ማስተር ሃሮልድ፣ ማለትም ጌታዬ ሃሮልድ፣ ብለህ ጥራኝ ይላል። በአማርኛ የሚያዘጋጅ ሰው እዚህ ላይ ከአንተ ወደ እርስዎ የሚደረገውን ሽግግር ካልተጠቀመበት ያስቆጫል። ከዚያ የአባቱን የዘረኛ ቀልድ ይደግማል፤ ከዚያም ሳም ፊት ላይ ይተፋል። ፉጋርድ በልጅነቱ ይህንን በእናቱ አስተናጋጅ ላይ ማድረጉን በአደባባይ ተናግሯል፤ የተውኔቱ ኃይል ግን ከዚያ ኑዛዜ ሳይሆን ከአደረጃጀቱ ነው የመጣው።

አደረጃጀቱ እንዲህ ነው። በመጀመሪያው ክፍል ሃሊ አንድ ደስ የሚል ትዝታ ያነሣል፤ ሳም ከቲማቲም ሣጥን እንጨትና ከቡናማ ወረቀት ካይት ሠርቶለት፣ በዱቄትና በውኃ አጣብቆ፣ ጭራውን ከአሮጌ የሴት ካልሲ አድርጎ አብረው ኮረብታ ላይ አበረሩት። ሳም አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀምጦት ሄደ። ለምን እንደሄደ ሃሊ አያውቅም፤ እኛም አንጠይቅም። ከምራቁ በኋላ ነው ሳም ግማሹን የሚጨምረው፦ ካይቱን የሠራሁልህ ሰካራም አባትህን ከመጠጥ ቤት ተሸክሜ ካወጣሁ በኋላ አንገትህን ደፍተህ ስለ ነበር ነው፤ ትቼህ የሄድኩት ደግሞ ወንበሩ የነጮች ብቻ ስለ ነበር ነው። አንዱ ትዝታ ለሁለት ተከፍሎ ደስታው በመጀመሪያ፣ ዋጋው በመጨረሻ ተቀመጠ። ተውኔት የምትጽፉ ልጆች ይህንን ቁጭ ብላችሁ መተንተን አለባችሁ። መረጃው ሁሉ ቀድሞ ቢሰጥ ስብከት ይሆን ነበር። በነገራችን ላይ ወንበርን በዘር የሚለየው አገር አቀፍ ሕግ የወጣው በ1953 ነው፤ ወንበሩ ከሕጉ ቀድሞ ነበር። ሃሊን ያሳደገው ሕጉ ብቻ ሳይሆን ከሕጉ የሚያረጀው ልማድ ነው።

ታዲያ የትራጄዲው ሰው ማነው? ብዙዎች ሃሊ ይላሉ፤ እኔ ሳም እላለሁ። ከምራቁ በኋላ ሳም ሊመታው ይራመዳል። ዊሊ ያስቆመዋል፤ ልጅ ነው ይለዋል። ቢመታው ትክክል ነው፣ ግን ለዓመታት ሰው ሊያደርገው የደከመለትን ልጅ ለዘላለም አጣው፤ ባይመታው ክብሩን ዋጠ፣ ልጁም ያለ ቅጣት ያንን መሣሪያ ይዞ ወጣ። ሁለቱም መንገድ ያስከፍላል፤ ምርጫው የእሱ ነው፤ ሕጉ አልመረጠለትም። ፉጋርድ የሚወቀስበት አንድ ነገር አለ፤ ጥቁሮቹ ከመጠን በላይ ታጋሽ ናቸው ይባላል። ወቀሳው መሠረት አለው፤ ሆኖም ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ የተዋናዩ ነው። ሳምን እንደ ቅዱስ የሚጫወት ተዋናይ ያችን እርምጃ ለይስሙላ ይራመዳታል። እርምጃዋ የመምታት ያህል መሆን አለባት፤ ዊሊ ባይኖር ኖሮ እጁ ይሰነዘር እንደ ነበር ተመልካቹ ሳይጠራጠር ማየት አለበት።

ስለ ምራቁ አተገባበር ብዙ ጊዜ ስለምጠየቅ ልናገር። እውነተኛ ምራቅ የግድ አይደለም። ተዋናዩ አፉን ወደ ጎን አድርጎ ድምፁን ብቻ ካሰማ፣ ሳም ደግሞ ፊቱን ለአፍታ ሳያንቀሳቅስ ቆይቶ በጨርቅ ከጠረገ ተመልካቹ ያምናል። የሚያሳምነው መጥረጉ ነው። ሁለቱ ተዋንያን ከመጀመሪያው የልምምድ ቀን ተስማምተው ቦታውን፣ ርቀቱንና ከዚያ በፊት ያለውን ቃል በትክክል ይወስኑ፤ በመጨረሻው ሳምንት የሚጨመር ነገር አይደለም። ከምራቁ በኋላ ዝምታው ሲረዝም ፈርተው ሙዚቃ የሚያስገቡ አዘጋጆች አሉ። አይገባም። በተውኔቱ ሙዚቃ የሚሰማው መጨረሻ ላይ ብቻ ነው፤ ዊሊ ለአውቶቡስ ያስቀመጣትን ሳንቲም ሙዚቃ ማጫወቻው ውስጥ ሲከት። ቀድሞ ሙዚቃ ከተሰማ ሳንቲሟ ዋጋ የላትም፣ ዊሊም በእግሩ ወደ ቤቱ እንደሚሄድ ማንም አያስተውልም።

ሁሉም ተዋንያን ኢትዮጵያውያን በሆኑበት መድረክስ? ፊት በነጭ ቀለም መቀባት የለበትም፤ ሳቅ ያመጣል፣ ሳቁም ከቦታው ውጭ ነው። በጸጋዬ ገብረ መድኅን ትርጉም ኦቴሎን የለመደ ተመልካች በቀለም ሳይሆን በቃልና በአቋም ማን ማን እንደሆነ ይከተላል። መሥራት ያለበት የቦታ ሥርዓት ነው፤ ማን ሳይጠየቅ ይቀመጣል፣ ማን ቆሞ ያወራል፣ ማን ዕቃ ያነሣል፣ ማን ለማን ይጠብቃል። ሃሊ የትምህርት ቤት ኮቱን የትም ይጥለው፣ ሳም ያንሣው፤ ሁለቱም ሳያስተውሉት። በደም ቋጠሮም ቀዩና ጥቁሩ ወንድም በእኛ መድረክ በመልክ ብዙም ላይለያዩ ይችላሉ፤ ያ አይጎዳም፣ ሕጉ ራሱ በመልክና በተቀባይነት ስለሚፈርድ ልብሱ ይበቃል። የማልመክረው ተውኔቱን ከፖርት ኤልሳቤጥ አውጥቶ የእኛን የሰሞኑ የብሔር ጭቅጭቅ ማልበስ ነው። ያን ጊዜ ተመልካቹ ሳም የማን ወገን ነው፣ ሃሊስ የማን እያለ መቁጠር ይጀምራል፤ የሳምን ምርጫ ግን አያይም።